የጃፓኖቹ ትግል ለሶፊ ይሆናል ወይ ላልሽኝ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ ለእትዬ አይናለም፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ እንዴት ሆነ? ያ ደረጃ ስታጥቢ የያዘሽ የእጅ ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ደብቀሽ ይዘሽዋል? የምትሠሪላቸው ሰዎች ዐመላቸው ተሻሻለ? ዐርብ ዐርብ እንኳ ዕረፍት ይሰጡሻል? ወንድምሽ ብርሁ ከቱነይድባ የስደተኛ ካምፕ ሆኜ በናፍቆት እጅ ነሥቻለሁ። በዚህ በኩል ያለነው ቆመን እንሄዳለን። ልጅሽ ሶፊ ትኩሳት የላትም፣ ትበላለች፣ የፊት ጥርሶቿ ሁለቱ ወልቀው አንዱ በቅሏል። ይህን ያስቀደምሁት ወረቀቱን ስትገልጪ ልብሽ እንዳይሸበር ብዬ ነው። ከዚህ በታች ያለው ደስ የሚል ወሬ አይደለምና ሥራሽን ጨርሰሽ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ደብዳቤውን የምታደርስልሽ ባሕሪያ ናት፤ ገዳሪፍ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው የመተማ ልጅ። ረመዳን ሳይገባ በፖርት ሱዳን በኩል አንቺ ወዳለሽበት ዐረብ አገር ለዑምራ ትሻገራለች። እንዳልደውልልሽ ስልኩ የሰው ነው፤ ኔትወርኩም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይጠፋል። እውነቱን ልንገርሽ ካልሁ ግን ኔትወርክ ቢኖርም አልደውልም ነበር። ድምፅሽን እየሰማሁ ይህን ሁሉ የምልበት አፍ የለኝም።

በጥር ወር አብራሽ በምትኖረው በሰሚያ ስልክ የላክሽብኝን ድምፅ ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ልጄ የጃፓን ትግል ታያለች፣ ሰው በወንበር ሲፈነከት ታያለች፣ ይኼ ለልጅ ይሆናል ወይ፣ አንተስ አጎት ነህ ወይስ ምንድን ነህ ብለሽ ተቆጥተሻል። ይገባሻል። በገና ሰሞን ሶፊ ራሷ ናት በሉጥፊ ስልክ እየጮኸች የነገረችሽ፤ ሰላም እማዬ ሳትል «አባ ሰንበር ተነሣ! አባ ሰንበር ተነሣ!» ብላ ነው የጀመረችው። እኔ ያን ጊዜ አጠገቧ ቆሜ እስቅ ነበር። አንቺ በማታውቂው ሰው ስም የልጅሽን ጩኸት ሰምተሽ ምን እንዳልሽ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ሉጥፊ የካርቱም ሰው ነው። ጦርነቱ ከካርቱም ወደ መደኒ፣ ከመደኒ ወደ ገዳሪፍ ገፋው፤ አሁን ከካምፓችን ዳር ላስቲክ ወጥሮ ይኖራል። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ልብሱን፣ ወርቁን ይዞ ይወጣል። እሱ ተሸክሞ የወጣው አንድ ዴክ፣ አንድ ትንሽ ቴሌቪዥንና አንድ ካርቶን የቪዲዮ ካሴት ነው። አባቱ በጉብዝናቸው ድልድይ ለሚሠራ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሹፌር ነበሩ፤ መሐንዲሱ አገሩ ሲገባ ካሴቶቹን ለመታሰቢያ ትቶላቸው ሄደ። ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዱም ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል። ሉጥፊ ጃፓንኛ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ተናጋሪው የሚለውን ግን አንድም ሳያስቀር በዐረብኛ ይተረጉምልናል። ይኼኛው የዚያኛውን እህት ለሠርግ ጠይቆ ተከልክሏል፣ ስለዚህ ነው በጉልበቱ የሚረግጠው ይላል። እኛም አምነን እንሰማለን፤ ሌላ ምን ሥራ አለን።

የእኔን ሻሂ ቤት ታውቂያለሽ፣ ጽፌልሽ ነበር፤ በአራት እንጨት የቆመች የሣር ራኩባ ናት። ሉጥፊ ዴኩን አምጥቶ በእኔ ጥላ፣ በእሱ የፀሐይ መብራት ማሳየት ጀመረ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በርታ ስትል ይከፍታል፣ ልጆቹ ከፊት መሬት ላይ፣ ትልልቁ ከኋላ። አለመዋሸት ነው፣ ደስ ይል ነበር። እነዚያ ጃፓኖች በጭፈራና በርችት አይገቡም። ጥቁር ቁምጣ ታጥቀው ይገባሉ፣ እጅ ይነሣሣሉ፣ ከዚያ ደረት ለደረት በመዳፋቸው ይጠፋጠፋሉ፤ ድምፁ ወንዝ ዳር ልብስ የሚመቱ ሴቶችን ይመስላል። አንዱ ሌላውን ጥሎ ትከሻውን መሬት ሲያስነካው ዳኛው በሆዱ ተኝቶ መሬቱን እየመታ ይቆጥራል። ሦስት ከሞላ አለቀ። ልጆቹም ከዳኛው ጋር «ዋሂድ! ኢትኔን!» እያሉ መሬት ይደበድባሉ፣ አቧራው ሻሂዬ ውስጥ ይገባል።

ከሁሉም የሚወዱት አንድ ጠና ያለ ሰው ነበር። ግንባሩ በጠባሳ ብዛት የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ ሶፊ ናት አባ ሰንበር ብላ ያወጣችለት። እያንዳንዱ ካሴት ላይ ይመቱታል፣ ይደማል፣ ይወድቃል፣ ሁለት ተቆጥሮ ሦስት ሊሞላ ሲል ተወርውሮ ይነሣል። አባቷ አየነው ነፍሱን ይማረውና እንደ ልጅ ነበር የሚወደው። ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ጀሪካኑን ያስቀምጥና እዚያው አፈር ላይ ተዘርሮ ይተኛል፣ ሶፊ ደረቱ ላይ ትወጣና ትቆጥራለች፣ ሦስት ልትል ስትል ብድግ ብሎ ወደ ላይ ይወረውራታል። ሳቋ እስከ ውሃው ቦቴ ድረስ ይሰማ ነበር። ባልሽ ምን ዓይነት አባት እንደነበር ሰው አልነገረሽ እንደሆነ ብዬ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

መስከረም ሲያልቅ እኔና እሱ ሰሊጥ አጨዳ ቁረይሻ ወረድን። ሶፊን ለአያ ፊሊጶስና ለእማማ ጣይቱ አደራ ሰጠናት። እነሱ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እሳቸው የሁመራ ትግርኛ ተናጋሪ፣ እሷ የአብደራፊ ሴት፣ የወለዷቸውን ሁሉ መንገድ ላይ የቀበሩ ሽማግሎች። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቂዋለሽ፤ ታጣቂዎች እርሻው ላይ ተኮሱብን፣ አየነው ቀረ። የማን ታጣቂ እንደሆኑ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። አንቺን ሰሚያና ሌሎቹ እህቶች ተሰብስበው በኅዳር መጨረሻ አረዱሽ። ለሶፊ ግን ወዲያው መንገር አልሆነልኝም። እናቷ ሳትሰማ ልጅ አይረዳም አልሁ፣ ቀጥሎ ገና ይለፍ አልሁ፣ ከዚያ ጥምቀት ይለፍ አልሁ። አባትሽ ወደ ሌላ እርሻ ተሻግሯል እያልሁ አቆየኋት።

ስሕተቴን የሠራሁት በዚህ መካከል ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያ ፊሊጶስ ሶፊን ሊጠሩ ጎንበስ ብለው ራኩባው ገቡ። ትግሉን አይተው አያውቁም ነበር። ሁለት ሰዎች አባ ሰንበርን ገመዱ ላይ ይዘው ግንባሩን በሹካ ይወጉታል፣ ደሙ ደረቱን አልብሶታል፣ ዳኛው ጀርባውን ሰጥቷል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ተቀምጦ ይጮሃል። በአገራችን ሰው ሲጣላ ቆሞ ማየት እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ሽማግሌው ዱላቸውን አግድም ይዘው በቴሌቪዥኑና በልጆቹ መካከል ገቡ። «ስለ ማርያም! ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ! ተው!» ብለው ለጃፓኖቹ ለመኗቸው። እንቢ ሲሏቸው ወደ ጃፓን ሕዝብ ዞረው፣ እናንተ ይኼ ሁሉ ሰው ተቀምጣችሁ አንድ ገላጋይ ይጠፋል ወይ፣ እናት የላችሁም ወይ ብለው ተቆጡ።

መጀመሪያ ሳቅን። ሉጥፊማ ከሳቁ የተነሣ ዴኩን ሊጥለው ነበር። ኋላ ሽማግሌው ዱላቸውን ጥለው ሲንበረከኩ ልጆቹ አዩ። እሳቸው የፈሩት ነገር እውነት ቢሆን ነው አሉ መሰል፣ አንዱ ማልቀስ ሲጀምር ሁሉም ተከተለ፤ ሶፊ ከሁሉም ባሰች፣ ቃተተች፣ ከንፈሯ ጠቆረ። እኔም ብድግ አድርጌ አቀፍኋትና ጆሮዋ ላይ «ውሸት ነው ሶፊዬ፤ ደሙ ቀለም ነው፤ የወደቀው ሰውዬ ተመልሶ ይነሣል» አልኋት። ደጋግሜ አልኋት። ልጅ ማባበል ነው፤ ማንም እናት የምትለው ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያን ቃል እስከ ዛሬ እየሮጥሁ አልደረስሁበትም።

ከዚያ ቀን በኋላ በካምፑ ያለው እናት ሁሉ ስለ ትግሉ ተከራከረ። ባሕሪያ ከገዳሪፍ ስትመጣ፣ ልጅ ያየውን ነው የሚሠራው፣ ዝጉት ብላ ወገቧን ይዛ ቆመች። እማማ ጣይቱ፣ እነዚህ ልጆች ሬሳ ተሻግረው የመጡ ናቸው፣ የጃፓን ቀለም ምን ያረጋቸዋል አለች። ሉጥፊ በበኩሉ እኔ በዚህ ነው ያደግሁ፣ ክፉ ሰው ወጣሁ ወይ ብሎ አኮረፈ። እኔ መካከል ላይ ሆኜ ሻሂ እቀዳለሁ። ማንም ያላሰበው ነገር ግን ሶፊ ልብ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ጥምቀት አለፈና በሦስተኛው ቀን ማለዳ ልናረዳት ገባን። እንደ ወጉ ነው ያደረግነው፤ ጀምበር ሳትወጣ አያ ፊሊጶስ፣ እማማ ጣይቱ፣ ባሕሪያና እኔ ነጠላችንን አዘቅዝቀን። ሶፊ ተነሥታ ዓይኗን እያሸች ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። አያ ፊሊጶስ እጇን ይዘው አባትሽ ዐርፏል ልጄ አሏት። ሁላችንንም በየተራ አየችን። «ደም ነበረው?» ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው መዋሸት አያውቁም፣ አዎ ልጄ ነበረው አሏት። ይኸኔ እትዬ፣ ልጅሽ ፈገግ አለች። «ቀለም ነው፤ አጎቴ ነግሮኛል» አለች። ለልቅሶ አፏን የከፈተችው እማማ ጣይቱ አፏን ዘጋች። ሶፊ የአያ ፊሊጶስን እጅ እየዳበሰች፣ አይዞህ አባባ፣ ይነሣል ብላ አጽናናቻቸው።

ለቅሶ ደራሽ ሲመጣ ሻሂ ትቀዳለች። አባዬ ሲመጣ ትመጣላችሁ እያለች ትሸኛለች። የእሱን ድርሻ ቂጣ በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጣለች፣ ሲሻግት ትጥልና ሌላ ታስቀምጣለች። ከሰዓት ከሰዓት የጭነት መኪና የሚቆምበት መንገድ ዳር ትቀመጣለች። አንድ ቀን አጠገቧ ሄጄ ብቀመጥ ጣቷን ዘርግታ አስረዳችኝ፤ አባ ሰንበር ሐሙስ ዕለት በቃሬዛ ወጣ፣ ቅዳሜ ሌላው ካሴት ላይ በጨርቅ ታስሮ መጣ፣ አባዬ ግን ቁረይሻ ሩቅ ስለሆነ ነው የቆየው አለችኝ። ውሸት ያልሁት እኔ፣ እውነት ነው ስል ማን ይመነኝ?

እማማ ጣይቱ በየቀኑ ታሳስበኝ ነበር። ይህች ልጅ እርሟን አላወጣችም፣ እርም በሆድ ሲቀር ይገድላል፣ አንተ ያሰርኸውን አንተ ፍታው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ልክ ነች እያልሁ ቀን እቆጥር ነበር። የአንቺ የቁጣ ድምፅ የደረሰኝ በዚህ ሰሞን ነው። ለልጅ ይሆናል ወይ ብለሽ ስትጠይቂ ምን ያህል እንደዘገየሽ አላወቅሽም፤ የምታውቂበትም መንገድ አልነበረሽም።

በመጨረሻ ሉጥፊን ለመንሁት። ካሴቱን እንዲያስቆመው፣ ምስሉ እንደቆመ እውነቱን እንዲነግርልኝ። ሌሎቹን ልጆች አስወጥተን ሶፊን ብቻ አስቀመጥን። እነዚህ ሰዎች የተቀረጹት አጎትሽ ሳይወለድ ነው፣ አርጅተዋል፣ ብዙዎቹ ሞተዋል አልናት። ሉጥፊ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ወላሂ ያ ሶፊ፣ ማቱ» ብሎ መሞታቸውን ማለላት። አባ ሰንበርም ወይ አለች። እሱም አልናት፤ ታምሞ አልጋው ላይ ነው የሞተው፣ ከዚያ ወዲህ ተነሥቶ አያውቅም። እውነት ይሁን አይሁን ሉጥፊም እኔም አናውቅም። የቆመውን ምስል ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ሲወድቅ ማን ቆጠረለት ብላ ጠየቀች። ማንም አልሁ፤ እውነት ሲሆን ማንም አይቆጥርም። ዞር ብላ በእነዚያ በአንቺ ዓይኖች አየችኝና «ለአባዬስ ማን ነበረ?» አለችኝ።

እትዬ፣ እዚህ ላይ ከአንቺም ጋር ያለኝ ውሸት ያልቃል። በሰሚያ በኩል አየነው በክንዴ ላይ ዐረፈ፣ የመጨረሻ ቃሉም ስምሽ ነበር ብዬ ልኬብሽ ነበር። ውሸት ነው። ያን ቀን በአንድ ማሳ ላይ ነበርን፣ እሱ ያስራል፣ እኔ እከምራለሁ፤ በመካከላችን አራት እርምጃ አልነበረም። ተኩሱ ሲጀመር ወደቀ። እኔ ሮጥሁ። ነዶው ላይ ዘልዬ ነው የሮጥሁት። ብርሁ ብሎ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ሦስተኛ ጠርቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ርቄ ነበር። ፀሐይ እስክትገባ ማሽላ ውስጥ በደረቴ ተኝቼ ዋልሁ። በማግሥቱ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ተመልሼ ከማሳው ዳር ከግራር ሥር ቀበርነው። ፊቱ ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና ያን ውሸት የላክሁልሽ አንቺን ላጽናና ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ሳታልል ኖርሁ።

ይህንኑ ለሶፊ ነገርኋት። ሁሉንም አይደለም፤ መጥራቱን አልነገርኋትም፣ እሱን ለአንቺ ብቻ ነው የጻፍሁት። ማንም አልነበረም አልኋት፣ እኔ አጠገቡ ነበርሁ፣ ግን ሮጥሁ አልኋት። ሉጥፊ አማርኛ ባይገባውም አንገቱን ደፋ። ሶፊ ተነሥታ የቀሚሷን አቧራ አራግፋ ወጣች፣ እማማ ጣይቱ ቤት ገባች፣ ፍራሿንም በዚያው ቀን አስወሰደች።

በሁለተኛው ቀን የራሽን ሰልፍ ነበር። ሶፊና እማማ ጣይቱ ከፊት፣ እኔ ከእነሱ አሥር ሰው ያህል ወደ ኋላ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ተራችን ሲደርስ ዕደላው ላይ ያለው ልጅ ካርዱን አይቶ የቤተሰቡን ስም መጥራት ጀመረ። አየነው አለ። ከጥቅምት ወዲህ በየወሩ ይህ ስም ሲጠራ ሶፊ ቀድማ፣ ሥራ ሄዷል፣ ይመጣል ትል ነበር፤ እኛም አፍረን ዝም እንላለን። ልጁ ደግሞ አየነው ብሎ ጠራ። ሶፊ «ሞቷል» አለች። ልጁ ያልሰማት መስሏት በዐረብኛም ደገመችለት። ከዚያ የያዘችውን የዘይት ጣሳ ለቀቀችውና፣ እትዬ፣ አባዬ ብላ ጮኸች። ያን ዓይነት ድምፅ ከስምንት ዓመት ልጅ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሰልፉ ፈረሰ። ማን እንደሆነች የማያውቋት ሴቶች ከበቧት። አንዲት የትግራይ አሮጊት መሬት ላይ ተቀምጣ በትግርኛ ሙሾ አወረደች፣ የሱዳን ሴቶች ራሳቸውን ይዘው «ያ በነይቲ»፣ ልጄ ልጄ እያሉ አለቀሱ፣ የእኛም ሰዎች ደረታቸውን መቱ። ሁሉም የየራሱን ሟች ነበር በእሷ አባት የሚያለቅሰው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል አየነው በአንድ ቀን ተለቀሰለት። የዕደላው ልጅ ካርዱን አስቀምጦ ቆሞ ጠበቀ። እኔ ግን ከቆምሁበት አልተንቀሳቀስሁም። ልቅሶው ውስጥ ልግባ ብል የት ገብቼ ልቁም?

እርሟን አወጣች ብለሽ ደስ እንዳይልሽ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር፣ አልሆነም። አሁን ሰው ሁሉ እንደሚሞት አውቃ ሥራዋ መጠበቅ ሆኗል። እማማ ጣይቱ ካሳለች ሮጣ ትመጣለች። አያ ፊሊጶስ ቀን ጋደም ሲሉ ጆሮዋን ደረታቸው ላይ ትለጥፋለች፤ ሽማግሌው እንቅልፍ አጥተዋል፣ ግን አይከለክሏትም። አትጫወትም። ሉጥፊ ካርቶኑን በገመድ አስሮ ከፍራሹ ሥር አስገባው፣ የካምፑ ልጆች እኛ ምን አጠፋን እያሉ በሬ ላይ ይቆማሉ። እኔን በዓይኗ ሙሉ አታየኝም። አጎቴ የሚለውን ስም ከአፏ ካጣሁት ዛሬ ዘጠኝ ቀን ነው።

እንግዲህ ለልጅ ይሆናል ወይ ላልሽኝ ምን ብዬ እመልስ? ደሙ አልጎዳትም፤ ደም እሷም እኛም ጠግበናል። ወንበሩም፣ ሹካውም አልጎዳትም። የጎዳት በትግሉ ላይ እኔ የጨመርሁት ቃል ነው። ምናልባት አገር ሰላም በሆነበት፣ አባት ማታ ቤቱ በሚገባበት ቦታ ላለ ልጅ ይሆን ይሆናል፤ ይስቃል፣ ይተኛል። በእኛ ሰፈር ግን የወደቀ ሁሉ የሚነሣበትን ነገር ለልጅ ማሳየት ጭካኔ ነው። ይህን ያወቅሁት ልጅሽን ከሰበርሁ በኋላ ነው፣ ዕውቀቱም ለማንም አይጠቅምም።

ተስፋ አለ ብዬ ልጽፍልሽ ፈልጌ ብዕሩን ሁለት ጊዜ አነሣሁት። የሚጻፍ አጣሁ። የመተማው መንገድ ተኩስ አለበት። ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ሰነበተ። ዝናብ ሲመጣ ሰው ሁሉ ለእርሻ ይወርዳል፣ እኔ ቁረይሻን ዳግመኛ መርገጥ አልችልም። እንግዲህ ፍርዱ ያንቺ ነው። ልጄ ካንተ ጋር አትሁን ካልሽ እማማ ጣይቱ እስከ ፈቀደችው ድረስ ትይዛታለች፤ እኔም ከዓይናችሁ እርቃለሁ። ይቅር በለኝ አልልሽም። እሱን ለመጠየቅ መጀመሪያ ይህን ወረቀት አንብበሽ መጨረስ አለብሽ።

ለሰሚያ ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ የውሸቴ መልእክተኛ ስላደረግኋት አፍራለሁና ይህን ከራስሽ አፍ ትስማ። አብረዋችሁ ለሚኖሩት እህቶች ሁሉ ከእግር እስከ ራስ ሰላም በይልኝ። አያ ፊሊጶስ እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ ብለዋል፤ በዚህ በሚገባው ጾም አየነውን በጸሎት እንደሚያስቡት ንገራት ብለውኛል። እማማ ጣይቱ ስለ ልጅሽ ምግብ አታስቢ፣ እኔ ሳልቀምስ እሷ ትቀምሳለች ብላለች። ሉጥፊ ካሴቶቹን ስላመጣ አንቺን በደልሁ ብሎ አምኗል፣ አይደለም ብለው አልሰማኝም፤ አንቺ በቃልሽ ማሪው።

ሶፊን ለእናትሽ ምን ብዬ ልጻፍ ብዬ በእማማ ጣይቱ በር ላይ ቆሜ ጠየቅኋት። በዘጠኝ ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ቃሏን ለእኔ ተናገረች፤ «እማዬ እንዳትሞት በላት» አለችኝ።

ወንድምሽ ብርሁ

ቱነይድባ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.